የ1970 ማሊቡ ኤሲ፦ ከፋብሪካ የመጣ ነው ወይስ በኋላ የተገጠመ? የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

መኪናው የ1970 ሼቭሮሌት ሼቬል ማሊቡ ነው። ባለ ሁለት በር፣ ባለ 350 ቪ8 ሞተር። ባለቤቱ እዚህ ዳላስ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ጋሼ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ለነፍሳቸው የገዙት መኪና ነው። ሻጩ ማስታወቂያው ላይ «ኦሪጅናል የፋብሪካ ኤሲ ያለው» ብሎ ጽፎ ነበር። መኪናው ቤት ከገባ በኋላ አንድ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ የኤሲውን ጋዝ የሚጨምቀውን ኮምፕሬሰር ሲያይ፣ «ይሄማ በኋላ የተገጠመ ነው፤ ሸውደውዎታል» አላቸው። ጋሼ ያን ማታ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እስቲ መጥተህ እየው። የፋብሪካ ይሁን አይሁን ግድ የለኝም፤ እውነቱን ማወቅ ነው የምፈልገው» አሉኝ።

ኤሲው አይሠራም። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፦ ምን እንደሆነ ማወቅ፣ ከዚያ ማስነሳት። ቅደም ተከተሉ እንዲህ የሆነው በምክንያት ነው። የፋብሪካውና በኋላ የሚገጠመው ኤሲ አሠራራቸው የተለያየ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ዕቃ ማዘዝ ገንዘብ መጣል ነው።

ዛሬ ምንም አልፈታንም። ኮፈኑን ከፍተን በእጅ ባትሪ ብቻ አየን።

ኮምፕሬሰሩ ትንሽ፣ አጭርና ክብ ነው። ጀርባው ላይ የተለጠፈችው ቆርቆሮ «ሳንክዮ» ትላለች። የሼቭሮሌት እናት ኩባንያ ጄኔራል ሞተርስ በ1970 ሼቬል ላይ ይገጥም የነበረው ግን ኤ6 የሚባለውን የፍሪጅዴር ኮምፕሬሰር ነው። ኤ6 ከ1962 ጀምሮ የመጣ፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው፣ ረጅምና ወፍራም ነገር ነው። ክብደቱ ወደ 16 ኪሎ ይጠጋል። አንዴ ያየው ሰው ከሌላ አያምታታውም። ስለዚህ መካኒኩ ኮምፕሬሰሩን በተመለከተ ልክ ነው። ይህ ኮምፕሬሰር ከፋብሪካ አብሮ አልመጣም።

ነገር ግን ከኤሲ ዕቃ ሁሉ ቶሎ የሚቀየረው ኮምፕሬሰር ነው። ኤ6 በተለይ ከዘንጉ ማኅተም በኩል ዘይትና ጋዝ ማፍሰስ ይወዳል። ሃምሳ ዓመት ባለፈው መኪና ላይ የመጀመሪያው ኮምፕሬሰር አለመኖሩ ብዙ አያስገርምም። ኮምፕሬሰሩ የሚነግረኝ ኤሲውን መጨረሻ የጠገነው ሰው ምን እንዳደረገ ነው። መኪናው ሲወለድ ምን እንደነበረው አይነግረኝም።

አንድ ጠቃሚ ነገር ግን ከዚያች ቆርቆሮ አገኘሁ። የጃፓኑ ሳንክዮ በ1982 ስሙን ቀይሮ ሳንደን ሆኗል። እኛ አሁን በየሱቁ የምናውቀው ሳንደን ማለት ነው። ስለዚህ «ሳንክዮ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ኮምፕሬሰር ከዚያ በፊት የተሠራ ነው። ይህን የገጠመው ሰው ሥራውን የሠራው መኪናው ገና ብዙም ሳያረጅ ነው ማለት ነው።

ፎቶ አንስቼ ሄድኩ።

እሑድ ከሰዓት

ከመቀጠሌ በፊት ለጋሼ ያስረዳኋቸውን እዚህም ላስፍረው። ሰዎች «ኦሪጅናል» እና «በኋላ የተገጠመ» እያሉ ሁለት ቦታ ብቻ ይከፍሉታል። ዓይነቱ ግን ሦስት ነው። አንደኛው መኪናው በመገጣጠሚያው መስመር ላይ እያለ የተገጠመለት። ሁለተኛው መኪናው አዲስ ሆኖ ሳይሸጥ ወይም ሲሸጥ ሻጩ ድርጅት በራሱ ጋራዥ የገጠመለት። ሦስተኛው ከዓመታት በኋላ ባለቤቱ ያስገጠመው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ጭቅጭቅ ያስነሳል። መኪናው አዲስ ሳለ ስለነበረው «ኦሪጅናል ነው» ይባላል፤ ከፋብሪካ ግን አይደለም። እኔ በበኩሌ ሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር አልደባልቀውም። የራሱ ታሪክ አለው፤ ወረቀት ካለው ደግሞ ክብር ይገባዋል።

ሁለተኛውና ሦስተኛው በዚያ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቁት ከዳሽቦርድ ሥር በሚንጠለጠል ሳጥን ነው። ማርክ ፎር፣ ፍሪጊኪንግ፣ ኤ አር ኤ የሚባሉትን ዓይነቶች አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ያውቃቸዋል። ሥራው በተለይ እዚህ ቴክሳስ ውስጥ የደራ ነበር። ሙቀቱን ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም።

የእነዚህ ተንጠልጣይ ኤሲዎች አሠራር ቀላል ነው። የራሳቸው ማራገቢያ፣ አየሩን የሚያቀዘቅዘው የራሳቸው ኢቫፖሬተር፣ ሁለት ማዞሪያ አላቸው፤ አንዱ ለንፋሱ፣ አንዱ ለቅዝቃዜው። ከመኪናው ማሞቂያ ጋር አይገናኙም። የውጭ አየር አያስገቡም። ውስጥ ያለውን አየር እየመለሱ ያቀዘቅዙታል።

የፋብሪካው ግን ከማሞቂያው ጋር አንድ አካል ነው። አየሩ መጀመሪያ በኢቫፖሬተሩ ያልፋል፣ ከዚያ የሚፈለገውን ያህል በማሞቂያው በኩል ይታለፋል፣ ተቀላቅሎ ይወጣል። ለዚህ ነው የፋብሪካ ኤሲ ያለው መኪና በዝናብ ቀን የመስታወት ጉም ቶሎ የሚያጠፋው። አየሩ መጀመሪያ እርጥበቱን ኢቫፖሬተሩ ላይ ጥሎ፣ ከዚያ ሞቆ መስታወቱ ጋ ይደርሳል።

ወደ ማሊቡ ልመለስ። ዛሬ የተሳፋሪውን ክፍል ነው ያየሁት። ዳሽቦርዱ መሐል ላይም ዳርና ዳርም የንፋስ መውጫ አለው። መቆጣጠሪያው ተንሸራታች ነው፤ ላዩ ላይ ከኤሲ እስከ መስታወት ማድረቂያ በአንድ ረድፍ ተጽፏል። ጋሼ ይህን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «አየህ? ከፋብሪካው ነው!» እኔ ግን ቆይ አልኳቸው። ዳሽቦርድ ይነሳል፣ ይገጠማል። ሼቬል ብዙ የተሠራ መኪና ነው፤ ከተጣለ መኪና ሙሉ ዳሽቦርድ ማምጣት ለጠንካራ ሠራተኛ የቅዳሜና እሑድ ሥራ ነው።

ከዚያ ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። የታችኛው ጠርዝ ላይ ሁለት በድሪል የተበሱ ቀዳዳዎች አገኘሁ። ይህ ነው መካኒኩን የበለጠ ያሳመነው፤ «ተንጠልጣዩ የነበረበት ቦታ» ብሏቸዋል። አስተያየቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ግን ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ በጣም ተቀራርበዋል። ተንጠልጣይ ኤሲ ሰፊና ከባድ ነው፤ በዚህች ስፋት አይያዝም። ሌላም አለ። ተንጠልጣይ ኤሲ ካለ ሁለት የጋዝ ቱቦዎች ላሜራውን በስተው ወደ ሞተሩ መሄድ አለባቸው። የሚንጠባጠበው ውሃ የሚወጣበት ቱቦም ወለሉን ወይም ግድግዳውን በስቶ መውጣት አለበት። ምንጣፉን አነሳሁ፣ በእጄ ዳሰስኩ፣ በባትሪ አየሁ። እንዲህ ያለ ቀዳዳም የለም፣ የተደፈነ ቀዳዳም የለም። በምትኩ ከቀዳዳዎቹ ጀርባ ተቆርጦ የቀረ የአንቴና ገመድ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የመኪና መገናኛ ሬዲዮ፣ ሲቢ የሚሉት፣ እንደ ጉድ ተስፋፍቶ ነበር። ቀዳዳዎቹ የእሱ ናቸው ብዬ ነው የማምነው።

ረቡዕ ማታ፣ ወረቀት ፍለጋ

ዛሬ ቁጥርና ወረቀት ብቻ።

የሻንሲ ቁጥሩን ከፊት መስታወት ሥር አነበብኩ። 13637 ብሎ ይጀምራል። 1 ሼቭሮሌት፣ 36 ማሊቡ ቪ8፣ 37 ባለ ሁለት በር ማለት ነው። ቀጥሎ 0፤ የ1970 ሞዴል። ከዚያ ኬ የሚል ፊደል፤ ካንሳስ ሲቲ የተገጣጠመ። ስለ ኤሲ አንድ ቃል የለም። ሼቭሮሌት በዚያ ዘመን በዚህ ቁጥር ኤሲን አይገልጽም። «በሻንሲ ቁጥሩ አረጋግጫለሁ» የሚል የሼቬል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቃሉን አትቀበሉት።

ከኮፈኑ ሥር ያለችው ትንሽ የብረት ሰሌዳም ቀለሙን፣ የመቀመጫውን ዓይነትና የተሠራበትን ሳምንት ትናገራለች። የእኛዋ 03ሲ ትላለች፤ የመጋቢት፣ በፈረንጅ ማርች፣ ሦስተኛ ሳምንት። ስለ ኤሲ ዝም። ይህችን ቀን ግን ያዟት፤ በኋላ ትጠቅመናለች።

የፋብሪካው ኤሲ የትዕዛዝ ኮድ ሲ60 ነው። ይህ ኮድ የሚገኘው ሠራተኞቹ መኪናውን ሲገጣጥሙ ይከተሉት በነበረው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ከነዳጅ ታንኩ ላይ ወይም ከመቀመጫው ስፕሪንግ ውስጥ ተሰክቶ ይገኛል። የኋላውን መቀመጫ አነሳን፤ ምንም። መኪናውን ከፍ አድርገን ታንኩን ዝቅ አደረግን። ወረቀት አለ! ግን ውሃና አይጥ ጨርሰውታል። መዳፍ የምታክል ብጣሽ ናት የቀረችው። ዝገት ጠጥታ ቡናማ ሆናለች። ከቁጥሮቹ ጥቂት ይነበባሉ፤ ሲ60 የሚጻፍበት ቦታ ግን የለም። ጋሼ ብጣሹን በፕላስቲክ አድርገው ያዙት። አይጣልም፤ የመኪናው ነው።

ፖንቲያክ ቢሆን ኖሮ የሽያጭ ሰነዱን ቅጂ ገዝተን በአንድ ቀን እንገላገል ነበር። የ1967 እና ከዚያ ወዲህ ያለ ፎርድ ቢሆንም ማርቲ ሪፖርት የሚባለው አለ። ከፎርድ የራሱ መዝገብ የወጣ ስለሆነ መኪናው ምን ይዞ እንደወጣ ይናገራል። አሜሪካ ውስጥ ለተሠራ ሼቬል እንዲህ ያለ መዝገብ የለም። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ብረቱን ነው።

ቅዳሜ፣ ሙሉ ቀን

ዋናው ቀን።

ሞተሩንና ተሳፋሪውን የሚለየውን የላሜራ ግድግዳ ሠራተኞች ፋየርዎል ይሉታል። እኔ ማንኛውንም የዚህ ዘመን የጄኔራል ሞተርስ መኪና ሳይ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ለመቀየር በጣም የሚያስቸግረው እሱ ነው። ኮምፕሬሰር በአንድ ከሰዓት ይቀየራል። ዳሽቦርድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ፋየርዎል ግን የመኪናው አጥንት ነው።

ማሞቂያ ብቻ ይዞ የተሠራ ሼቬል በተሳፋሪው በኩል ፋየርዎሉ ላይ አነስ ያለ የማራገቢያ ሽፋን ነው ያለው። ኤሲ ይዞ የወጣው ግን ከሞተሩ በኩል ትልቅ የፋይበር ግላስ ሳጥን ተሸክሟል። ኢቫፖሬተሩ እዚያ ውስጥ ነው። አሜሪካኖቹ መጠኑን አይተው ሻንጣ ይሉታል። ለሳጥኑ የሚሆነው የላሜራ ቀዳዳም የተለየ ነው።

የእኛ መኪና ሳጥኑ አለው። ጥያቄው ከመጀመሪያው ነበረ ወይስ አንድ ሰው ከሌላ መኪና አምጥቶ ላሜራውን ቆርጦ ገጠመው? ይህን ከላይ ሆኖ መፍረድ አይቻልም። መፍታት ነበረብን።

ከመፍታታችን በፊት ግን ፈቃድ ያለው የኤሲ ባለሙያ ጋ ወስደን ጋዝ እንዳለው አስመረመርን። መሙያዎቹ ባለ ጥርስ፣ አር12 ለሚባለው ለድሮው የኤሲ ጋዝ የሚሆኑት ናቸው። አር12 የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ አሜሪካ ውስጥ ማምረት የቆመው በ1995 መጨረሻ ነው። ወደ አየር መልቀቅም በሕግ ክልክል ነው። «ትንሽ ናት፣ ትውጣ» የሚል ሰው አለ፤ እባካችሁ አታድርጉት። የእኛው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሁሉም ከዓመታት በፊት ፈስሶ አልቋል።

የቀኙን ጎማ ከላይ የሚሸፍነውን የውስጥ ላሜራ አላላን፤ ካልሆነ አንዳንዱ ብሎን አይደረስበትም። ሳጥኑ ወጣ። ውስጡ የደረቀ የፒካን ቅጠልና አፈር ሞልቶታል። ኢቫፖሬተሩ ላይ የተጋገረው ቆሻሻ ብቻውን ግማሹን ንፋስ ያስቀር ነበር።

አሁን ፋየርዎሉ ራቁቱን ቀረ። ጋሼ ወንበር አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። መነጽሬን አድርጌ ጠርዙን ዞርኩት።

በእጅ የተቆረጠ ላሜራ ይታወቃል። መጋዝ ከሆነ ጥርሱ ያረፈበት ይታያል። መቀስ ከሆነ ጠርዙ ይጣመማል። ድሪል ከሆነ የቀዳዳው ጀርባ ላይ የተገለበጠ ስለታም ብረት ይቀራል፤ ጣት ይቆርጣል። ከሁሉም በላይ ግን ቀለም ነው። ከተቀባ በኋላ የተቆረጠ ላሜራ ጠርዙ ባዶ ብረት ይሆናል፤ ወይ ይዝጋል ወይ ከላይ በተነፋ ቀለም ይሸፈናል።

የዚህ መኪና ጠርዝ ዙሪያውን እኩል ነው። ማዕዘኖቹ አንድ ዓይነት ክብ ናቸው፤ የማተሚያ ምት ነው። ጥቁሩ የፋብሪካ ቀለም ወደ ጠርዙ ዞሮ ገብቷል። ከሳጥኑ ጀርባ የነበረውን ጥቁር ማስቲሽ በፕላስቲክ መፋቂያ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ከሥሩ ያለው ቀለም ሃምሳ ዓመት ፀሐይም ዘይትም ስላልነካው አዲስ ይመስላል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ የድሪል ምልክት የለም። ሌላ ተደፍኖ የቀረ ቀዳዳም የለም፤ ስቱኮ እንዳለ ለማየት ማግኔት አስጠግቼ ዙሪያውን ፈተሽኩ።

ጋሼ ጣታቸውን ጠርዙ ላይ አሳልፈው ዞሩ። ምንም አላሉም፤ ከዚያ «ቡና ላፍላ» ብለው ገቡ።

እሑድ፣ የኤሌክትሪክ መስመርና ዲናሞ

ፋየርዎሉ ለእኔ በቂ ነበር። ነገር ግን አንድ ምስክር ብቻ ይዞ መፍረድ አልወድም። ዛሬ ሌሎቹን ጠየቅሁ።

ሽቦው። የፋብሪካው ወደ ኮምፕሬሰሩ ክላች የሚሄደው ሽቦ ጥቁር አረንጓዴ ነው። በኋላ የተገጠመ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከፊውዝ ሳጥኑ ተቀጥሎ የወጣ፣ ለብቻው የሚንከራተት አንድ ሽቦ ታገኛላችሁ። የእኛው ከዋናው የሽቦ ጥቅል ውስጥ አብሮ ተጠቅልሎ ይወጣል። ኮምፕሬሰሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተቆርጧል። እዚያ በሰማያዊ መጋጠሚያ ከሳንክዮው ሽቦ ጋር ተያይዟል። ይህች መጋጠሚያ ለእኔ ብዙ ተናገረች። እስከ እሷ ድረስ ያለው የካንሳስ ሲቲ ሥራ ነው። ከእሷ ወዲያ ያለው የጠጋኙ ነው።

ማራገቢያውም ለትልቁ ፍጥነት የራሱ ሪሌይ አለው፤ ለእሱም ከፊውዝ ሳጥኑ ውጪ ለብቻው ፊውዝ ተሰክቶለታል። ሁለቱም ቦታቸው ላይ ናቸው።

የውሃ ቫልቭ። የፋብሪካ ኤሲ ያለው መኪና ወደ ማሞቂያው በሚሄደው የውሃ ቱቦ ላይ በቫኪዩም፣ ማለትም በሞተሩ አየር የመሳብ ኃይል፣ የሚዘጋ ቫልቭ አለው። ኤሲው ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የሞቀው ውሃ እንዳይገባ ይዘጋዋል። የእኛው አለ። ቀጭኖቹ የቫኪዩም ቱቦዎች ግን ደርቀው ተሰባብረዋል፤ ሁሉም ይቀየራሉ።

ራዲያተሩ ወፍራሙ ነው፣ ዙሪያውን ሽፋን አለው፣ ማራገቢያውም ባለ ክላች ነው። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ራዲያተር ማንም ይቀይራል።

ዲናሞው ግን! ተራው ሼቬል 37 አምፔር የሚሰጥ ዲናሞ ነው የሚመጣለት። ኤሲ ላለው ወደ 61 አምፔር ከፍ ይላል። የእኛውን በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁት። ቀፎው ላይ 61ኤ የሚል ተመትቷል። ከጎኑ 0ቢ እና 17። 0 የ1970፣ ቢ ሁለተኛው ወር፣ ቀኑ 17። ሰሌዳዋ ላይ ያለችውን ቀን አስታውሱ፤ መኪናው የተገጣጠመው በማርች ሦስተኛ ሳምንት ነው። ዲናሞው ከዚያ ከአንድ ወር ገደማ በፊት ተሠርቶ፣ ተጭኖ፣ መስመሩ ላይ ደርሶ ተገጠመ። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ሌላ ሰው ከተጣለ መኪና አምጥቶት ከሆነ እንዲህ ልክክ ማለቱ በጣም የሚያጠራጥር ዕድል ነው።

ማክሰኞ፣ ጣልቃ የገባ ጨዋታ

ጋሼ ወሬውን ነግረው ኖሯል፤ አንድ ወዳጃቸው የ1966 ፎርድ ማስታንጉን ይዞ መጣ። «የእኔም ከዳሽቦርዱ ሥር የተንጠለጠለ ነው፤ በኋላ የተገጠመ ነው ማለት ነው?» አለ። አይደለም፤ ቢያንስ በዚህ ብቻ አይባልም። የ1965 እና 1966 ማስታንግ ኤሲ ከፋብሪካም ቢመጣ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚንጠለጠል ነው። ዳሽቦርዱ ውስጥ የገባው በ1967 ነው። ስለዚህ ለሼቬሉ የሠራው ደንብ ለእሱ መኪና አይሠራም። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት ነገርኩት፦ ሻንሲ ቁጥሩ ላይ የሞተሩ ፊደል ኬ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ኃይለኛው 289 ሞተር ከኤሲ ጋር ስለማይታዘዝ፣ ያለ ጥርጥር በኋላ የተገጠመ ይሆን ነበር። የእሱ ሲ ነው፤ ለእሱ ሌላ ቀን ይዘናል።

እያንዳንዱ መኪና የራሱ ዘመን አለው። የፋብሪካ ኤሲ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው የ1940 ፓካርድ ነው። በ1953 ካዲላክም ክራይስለርም ሲመልሱት ማቀዝቀዣው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበር፤ ቀዝቃዛው አየር ከኋላ መቀመጫው ጀርባ ይመጣል። ይህን የማያውቅ ሰው ያን መኪና ቢያይ «ማን ነው እዚህ የቀጠቀጠው?» ሊል ይችላል። የፋብሪካ ነው።

አዲስ አበባ ላይ አይናችን የለመደውን ደብሊው 123 መርሴዲስ የሚይዙ አንባቢዎች ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ከራዲያተሩ በላይ ባለው የፊት ላሜራ ላይ የኮድ ሰሌዳ አለ። 580 ካለ የፋብሪካ ኤሲ ነው፤ 581 ካለ ራሱ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ዓይነት። ሁለቱም ከሌሉና መኪናው ኤሲ ካለው በኋላ የገባ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ መኪና ከሆነ በተለይ ይህችን ሰሌዳ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ቅዳሜ፣ ፍርዱና ጥገናው

ለጋሼ በጽሑፍ ሰጠኋቸው። መኪናው ከፋብሪካ ኤሲ ይዞ የወጣ ነው። ኮምፕሬሰሩ ከ1982 በፊት በተሠራ ሳንክዮ ተተክቷል፤ ከእሱ ጋር መያዣ ብረቱና ሁለቱ የጋዝ ቱቦዎች ተቀይረዋል። ሌላው ሁሉ ከመኪናው ጋር የመጣ ይመስላል። ለዚህ ማረጋገጫው የፋየርዎሉ ጠርዝ፣ የሽቦው ጥቅልና የዲናሞው ቀን ነው።

ሻጩም መካኒኩም የተናገሩት ከፊል እውነት ነው። የመጀመሪያው መኪናውን፣ ሁለተኛው ኮምፕሬሰሩን ተናግሯል። እኔን የሚቆጨኝ ሁለቱም ምን አይተው እንደተናገሩ አለመጥቀሳቸው ነው። «የፋብሪካ ኤሲ» የሚል ሻጭ ካገኛችሁ የፋየርዎሉን ፎቶ ጠይቁት። ከሌለው ዋጋውን በዚያ ቃል አትመዝኑት።

ከዚያ ጥገናው። እዚህ ላይ ነው የፋብሪካውን ዓይነት ማወቁ ቀጥታ የጠቀመን። ተንጠልጣዩ ኤሲ በቴርሞስታት ነው የሚሠራው። አንዲት ቀጭን ቱቦ ኢቫፖሬተሩ ቀዳዳ ውስጥ ትሰካለች፤ በጣም ሲቀዘቅዝ የኮምፕሬሰሩን ክላች ታጠፋዋለች፣ ሲሞቅ ታበራዋለች። ኮፈኑን ከፍቶ ቢቆም ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ይሰማል። የዚህ ዘመን የጄኔራል ሞተርስ ኤሲ ግን ኮምፕሬሰሩን አያጠፋም። ፒኦኤ የሚባል ቫልቭ አለው፤ ፋየርዎሉ አጠገብ ያለ ቡጢ የሚያክል ብርማ ነገር። የኢቫፖሬተሩ ግፊት ከ30 ፒኤስአይ አካባቢ በታች እንዳይወርድ ይይዘዋል። በአር12 ይህ ግፊት የበረዶ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ኢቫፖሬተሩ በረዶ አይሠራም። ኮምፕሬሰሩ ሳያቋርጥ ይሽከረከራል። ይህን የማያውቅ ሰው «ለምን አይጠፋም?» ብሎ ቴርሞስታት ሊጨምርበት ይችላል።

ቫልቩን አስፈተሽን፤ ደህና ነው። ጋዙን ወደ አር134ኤ ስለምንቀይር ግን ግፊቱን ወደ 27 ዝቅ ማድረግ ነበረበት። የጋዙ ዓይነት ሲቀየር በረዶ የሚሠራበት ግፊትም ይቀየራልና። ባለሙያው አስተካከለልን። ኢቫፖሬተሩን አጥበን መለስነው። የጋዙን እርጥበት የሚመጠው ማድረቂያ አዲስ፣ ላስቲክ ቀለበቶቹ አዲስ፣ ዘይቱም ለአዲሱ ጋዝ የሚሆን። መሙያዎቹ ላይ የአር134ኤ መጋጠሚያና የጋዙን ዓይነት የሚናገር ተለጣፊ ተደረገ። ቀጥሎ የሚነካው ሰው አር12 መስሎት እንዳይሞላ ነው፤ ሕጉም ያዛል።

ጋሼ ኤ6 ይመለስ ወይ ብለው ጠየቁ። እኔ አይመለስ ባይ ነኝ። ሳንክዮው ቀላል ነው፣ ሞተሩን አይጫነውም፣ ዛሬም ይሠራል። ራሱም አሁን የመኪናው ታሪክ ሆኗል። ኤ6 ለማስገባት መያዣ ብረቶቹን መፈለግ አለብን፤ እነሱ ደግሞ ከኮምፕሬሰሩ ይልቅ ለማግኘት ያስቸግራሉ። «ቢሸጡት ምን ብለው ይጻፉ?» ስላቸው ለጥቂት ጊዜ አሰቡና፣ «የፋብሪካ ኤሲ መኪና፣ ኮምፕሬሰሩ የተቀየረ» አሉ። ከዚህ የተሻለ አጻጻፍ አላውቅም።

ከሰዓት ሞክረነው ውጪው ወደ 97 ፋራናይት ሲሆን ከመሐለኛው መውጫ ወደ 46 ነበር የሚመጣው። በሴልሺየስ ከ36 ወደ 8 ገደማ ማለት ነው። ወደ መስታወቱ የሚዞረው በር ግን ገና በደንብ አይዘጋም፤ የቫኪዩም መሳቢያው ይመስለኛል። አዲሱ ታዟል፤ ሲደርስ ከቀሩት ሁለት ቱቦዎች ጋር አንድ ላይ እገጥመዋለሁ።